የቆራቢዎቹ አልጋ

ልጆቼ ስልካቸው ላይ ካልወጣ በቀር ምንም ነገር አያነቡም። ለዚህም ተመስገን እላለሁ። ዛሬ የምነግራችሁን ነገር እነሱ ፊት ማውራት አልችልም። ስለ አልጋ ነው። የቆረበች ሴት፣ የልጅ ልጅ ያቀፈች፣ ማለዳ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ሴት ስለ አልጋ ምን ወሬ አላት ትሉ ይሆናል። እኔም ስለ ሌላ ሴት ቢነገረኝ እንደዚያው እል ነበር። ግን በራሴ ላይ ደረሰ፤ የደረሰበት ሰው ደግሞ ትንሽ ያውራ።

ባለቤቴ መኩሪያ ይባላል። አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ኖሮ ጉልበቱ ሲደክም ተወው። እጁ ግን እስካሁን ጎማ ጎማ ይሸታል። ሌላ ሴት ሽቶ እንደምትወድ እኔ ይህን ሽታ ለምጄዋለሁ። ዝምተኛ ሰው ነው። እኔም ዝምተኛ ነኝ። ሁለት ዝምተኞች ባሉበት ቤት ያ ሁሉ ልጅ ከየት መጣ እያሉ ጎረቤቶቻችን ሲገረሙ ኖረዋል። ነገሩ ቀላል ነበር። መኩሪያ ማታ ማታ ሬዲዮ ይሰማል። ዜናው ሳያልቅ ሬዲዮውን ከዘጋው ይገባኛል። በቃ። ልጆቻችንን ሁሉ አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ወለድናቸው።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አብረን ቆረብን። ስንጋባ በሽማግሌ ነበር፤ በዚያ ዘመን ወጣት ባልና ሚስት መቁረብ ይፈሩ ነበር። እናም በስተርጅና፣ ልጆቻችን በተሰበሰቡበት፣ እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሰን ቅዱስ ሥጋውን ክቡር ደሙን ተቀበልን። የዚያን ቀን ደስታዬን አልጽፈውም፤ አልችልበትም። መኩሪያ ከጎኔ ቆሞ ሲያማትብ አየሁና፣ ይህ ሰው ገና አሁን የእኔ ሆነ አልኩ በልቤ። እዩት እንግዲህ። እኔ ገና አሁን የእኔ ሆነ ስል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ተለያዩ ብሎ ነው ለካ ያሰበው። በእኛ ሰፈር፣ ሸምግለው የቆረቡ ባልና ሚስት ከዚያ ወዲያ እንደ ወንድምና እህት ናቸው ይባላል። ማን እንዳመጣው አላውቅም። ማንም ሲያስተምረው ሰምቼ አላውቅም፤ ማንም ሳያውቀው የቀረ ግን የለም።

አሁን ወደ አልጋው ልምጣ። በቤታችን ጾም ሲገባ መኩሪያ ትራሱን ይዞ ወደ ሳሎን ይወጣል፤ ፍራሽ አንጥፎ እዚያ ይተኛል። ጾሙ ሲፈታ ትራሱን ይዞ ይመለሳል። ትዳራችን ሁሉ እንዲህ ነው። ጾሙን፣ በዓሉን፣ ረቡዕና ዓርቡን ቀንሳችሁ ብታዩት ከዓመቱ የሚተርፈው ትንሽ ነው። አማርሬ አላውቅም። ያቺ የምትተርፈው ትንሽ ግን የእኔ ነበረች። በትንሣኤ ጧት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ከፈሰክን በኋላ፣ መኩሪያ ትራሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ በመኝታ ቤቱ በር ሲገባ ማየት ለእኔ የበዓሉ አንዱ ክፍል ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከዶሮው ቀጥሎ የምጠብቀው እሱን ነው። እውነቱን እናውራ ካልን፣ ከዶሮው በፊት ነው።

ትልቋ ልጄ ትዕግሥት ባንክ ትሠራለች። ደግ ናት። ደግነቷ ግን ሰውን ሳያስፈቅድ ነው የሚገባው። በሆሳዕና ሰሞን የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመና ሁለት ጠባብ አልጋና አንድ ኮመዲኖ አወረደ። የበዓል ስጦታ ነው አለች። አሮጌው አልጋ መሐሉ ጎድጉዷል፣ ለወገባችሁ አይሆንም፣ ደግሞ አሁን ቆርባችኋል፣ ለየብቻ ይሻላችኋል አለች። ቆርባችኋል ስትል ጣሪያውን ነበር የምታየው።

አልጋው መጎድጎዱ እውነት ነው። በየትኛውም ጫፍ ብንተኛ ተንከባልለን መሐል ላይ እንገናኛለን። ለወገብ ጥሩ ላይሆን ይችላል። የሰው አካል ደግሞ ወገብ ብቻ አይደለም። ግን ልጄን ምን ልበላት? ደመወዟን ነው ያወጣችው። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ቤትሽን ሙሉ ያድርግልሽ ብዬ መረቅኋት። መኩሪያ እጅጌውን ሰበሰበ። ከጫኞቹ ጋር የአሮጌውን አልጋ አንዱን ጫፍ ይዞ አወጣው። እንደዚያ ቀልጠፍ ብሎ ሲያወጣው ሳይ ቅር አለኝ። እሱም የፈለገው ይህንኑ ኖሯል፣ ከእንግዲህ በንጽሕና መኖር አስቦ ነው፣ አልኩ። የሰውን መንፈሳዊ ሐሳብ ማደናቀፍ ደግሞ ኃጢአት ነው። አዲስ አንሶላ ላወጣ ገባሁ።

አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ቆሙ። ኮመዲኖው መሐል ገባ። ትዕግሥት በኮመዲኖው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ከነመጋረጃዋ አቆመች። እንግዲህ ፍረዱኝ። ወደ ባሌ ለመሻገር እመቤቴን ገፍቼ ልለፍ?

ትንሣኤ መጣ። መኩሪያ ትራሱን ይዞ ገባ። በሩ ላይ ቆመ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። ከዚያ ትራሱን የራሱ አልጋ ላይ አስቀመጠና በመዳፉ መታ መታ አድርጎት ወጣ። እኔም ወጥ ላሞቅ ሄድኩ። ዓይኔ ሲያለቅስ ትዕግሥት ምን ሆንሽ አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት። ሽንኩርቱ የተከተፈው ቅዳሜ ነበር።

መቼም ምንድነው የናፈቀሽ ትሉኛላችሁ። ያ ነገር ነው ወይ? ነው ብል ታፍሩብኛላችሁ። አይደለም ብል መዋሸት ይሆናል። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። የመኩሪያ እግር ትኩስ ነው፤ የእኔ በግንቦትም በረዶ ነው። ተኝቶ ሲገላበጥ እኔም ሳልነቃ አብሬው እገላበጣለሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲተኛ ግንባሬን ትከሻው መሐል አሳርፋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ለግንባሬ የተሠራ የሚመስል ጎድጓዳ አለ። አሁን ግን እሱ ከኮመዲኖው ማዶ ነው። ሬዲዮውንም እስከ መጨረሻው ይሰማል። ዜናውን፣ የአየር ሁኔታውን፣ ስፖርቱን ሳይቀር። በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀው የኳስ ቡድን የለም።

ወሬው ሰፈር ገባ። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቄ ናት። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ አልጋዎቹን ስታይ፣ የተሳለችው የደረሰላት ትመስል ነበር።

«ታድለሽ» አለችኝ። «ተገላገልሽ። እኔ እኮ የእኔውን ስንት ዓመት እንቁረብ ብዬ ለመንኩት። አሻፈረኝ አለ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

አላውቅም አልኳት። አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ የማኅበር እኅቶቻችንን ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ አልጋችን ተጎበኘ ማለት ይቻላል። እየገቡ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አንዷ ኮመዲኖውን ዳሰሰች። ሌላዋ በሁለቱ አልጋዎች መሐል ያለውን ቦታ በዓይኗ ለካች፤ ለቤቷ ነው። መኩሪያ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሁሉንም ይሰማል። ለእኔ ብፅዕት ነሽ እየተባለ ሲነገረኝ አንገቴን ከመድፋት በቀር ምን አደርጋለሁ? አይ፣ ብፅዕት አይደለሁም፣ ባሌ ናፍቆኛል ልበል? ከመሐላቸው ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ብቻ ሳትናገር ቆየች። ሁሉም ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረት አለችና አንዱን አልጋ አይታ፣ ሌላውን አይታ፣ «ባል እያለሽ?» አለችኝ። ሦስተኛ ቃል ሳትጨምርበት ወጣች። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስመልስላት ሰነበትኩ።

የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ቀኑ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ጾም የለውም፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። እንደ እኛ ላሉ ሰዎች ከዓመቱ ሁሉ የሰፋው ጊዜ እሱ ነው። ሃምሳው ሲያልቅ የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ የሐዋርያት ሲፈታ ብዙም ሳይቆይ ፍልሰታ ይከተላል። ሃምሳው እንዲሁ ካለፈ እንዲሁ እንቀራለን ብዬ ፈራሁ። ሰው ለሁለት አልጋ ይለምዳል። ለባሰውም ይለምዳል።

ስለዚህ ዘዴ ፈለግኩ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ሌሊት በረደኝ አልኩ። ብልሃቴ መኩሪያ ይህን ሰምቶ ያስብበታል የሚል ነበር። አሰበበትም። የራሱን ጋቢ አምጥቶ አልጋዬ ላይ አነጠፈልኝ። በማግሥቱ እሱ ራሱ ሲያስነጥስ አደረ። እኔ በሁለት ጋቢ ታፍኜ፣ እሱ ያለ ጋቢ ተኮራምቶ። አሁንም በረደኝ አልኩ። ለትዕግሥት ነገራት። ትዕግሥት ጠጉራም ብርድ ልብስ ገዝታ መጣች። አሁንም አልኩ። የሞቀ ውኃ የሚሞላበት ላስቲክ አመጣች። እኔ አንድ እግር ነው የጠየቅኩት፤ የሚመጣልኝ ግን ዕቃ ነው። አልጋዬ ላይ የተከመረው ልብስ ከፍ ከማለቱ የተነሳ መኩሪያን ከማዶ ማየት እንኳ አቃተኝ።

በመጨረሻ ትዕግሥት ደነገጠች። በግንቦት እንዲህ የሚበርደው ጤነኛ ሰው የለም አለችና ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ክሊኒኮች ወደ አንዱ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ትንሿን ልጄን የምታክል፣ ለስለስ ያለች ልጅ ናት። ደሜን አስመረመረች፣ ልቤን አዳመጠች። ሁሉም ደህና ሆነ። ከዚያ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ ጠየቀችኝና ወረቀቷን እያየች፣ ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት አለ ወይ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ልመልስላት ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም ልመልስላት ነበር።

«ኧረ ዶክተር» አለች ትዕግሥት ከጎኔ። «እነሱ እኮ ቆርበዋል።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ሰው ሞቶብኝ እንደተነገራት ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ፣ እማማ» አለችኝ። ከትንሣኤ ወዲህ ሰው ካለኝ ነገር ሁሉ ልክ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ቫይታሚን ጻፈችልኝ።

ቫይታሚኑን እየዋጥኩ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ሄድኩ። መምሬ ባለትዳር ናቸው፤ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። ይህ ትንሽ ድፍረት ሰጠኝ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና አንዲት የማውቃት ሴት አለች ብዬ ጀመርኩ። ከባሏ ጋር ቆርባ አልጋ የለየች ሴት። ስሟን ጠየቁኝ። ስሟ ይቆይ አልኳቸው። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁና በእርጋታ አስረዱኝ። ሁለቱም ፈልገው፣ ተመካክረው ትተውት ከሆነ መልካም ነው፣ ማንም አይነቅፋቸውም አሉ። አንዱ ሳይፈልግ ከሆነ ግን በደል ነው። በጾምና ለመቁረብ ሲዘጋጁ ይታቀቡ፤ ከዚያ ውጪ ግን ባሏ ባሏ ነው፣ እሷም ሚስቱ ናት።

«ፈልጎ ይሁን ሳይፈልግ በምን ታውቃለች፣ አባቴ?»

«ትጠይቀው።»

«ታፍራለች።»

መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አብረው ከኖሩት የቀራቸው ያንሳል በያት» አሉኝ።

ያቺ የማውቃት ሴት እዚያው ዛፍ ሥር አለቀሰች።

ልጠይቀው ቆርጬ ቤቴ ገባሁ። ምሳ አቀረብኩ። መኩሪያ ሲጎርስ ጠበቅኩና ስሙን ጠራሁ። አቤት አለ። ወጡ ጨው አለው ወይ አልኩት። ደህና ነው አለ። በማግሥቱ እንደገና ጠራሁት። አቤት አለ። ጨውስ አልኩት። ትንሽ በዛ አለ፤ ምናልባት እንዲህ ከጠየቀችኝ ለካ በዝቷል ብሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ አሳነስኩ። አሁንም ጠራሁት። ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ ጨው ተነጋገርን። በትዳራችን እንደዚያ ብዙ ያወራንበት ወቅት አላስታውስም። አንድ ቀን እንዲያውም እሱ ራሱ ቀድሞኝ፣ ዛሬ ልክ ነው አለኝ። ተስፋ ቆረጥኩ።

እግዚአብሔር ግን ታክሲን ፈጠረ።

የወንድ ልጄ ሕፃን ክርስትና ሊነሳ ነበርና ነጠላ ልንገዛ ሽሮ ሜዳ ሄድን። ስንመለስ ቀኑ መሽቶ፣ ሰልፉ ረዝሞ፣ ወደ ጳውሎስ የሚሄደው ሚኒባስ ትርፍ እየጫነ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ ተባለ። ጠጋን። ከዚያም እንደገና ጠጋ በሉ ተባለ። ከዚህ በላይ መጠጋት ጭን ላይ መቀመጥ ነው። መኩሪያ ክንዱን የሚያደርግበት ቦታ ሲያጣ ከኋላዬ በመደገፊያው ላይ ዘረጋው። ጭኑ ከጭኔ፣ ትከሻዬ ከብብቱ። ያ የጎማ ሽታ መጣ። ከጾሙ በፊት ጀምሮ ያላገኘሁት ባሌ እዚያው ነበር፤ አጠገባችን አንድ የሲሚንቶ ከረጢት የታቀፈ ሰውዬ እያላበው። መንገዱ ተዘጋ። ሰው ሁሉ አማረረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ተመስገን አልኩ። መንገዱ ሲከፈት ከፋኝ።

ከዚያ በኋላ ሽሮ ሜዳ ጉዳይ አላጣሁም። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ ነበር፤ ቢጫ ይሁንልኝ ብዬ ሄድን። ቢጫው ለሕፃን ይጮኻል ብዬ ወደ ሰማያዊ ለማስቀየር ሄድን። ሰማያዊውም ደብዛዛ ሆነብኝ። በመጨረሻ ያንኑ አረንጓዴውን ይዤ ስገባ ባለሱቁ እጁን አጣምሮ፣ እማማ የንጉሥ ልጅ ነው እንዴ የሚለብሰው አለኝ። ጉዳይ ሲያልቅብኝ ጳውሎስ የተኛ የሩቅ ዘመድ መጠየቅ ጀመርኩ። ብዙም አንተዋወቅም ነበር። እየደጋገምን ስንሄድበት ሰውየው በፍቅራችን ልቡ ተነክቶ ዓይኑ በእንባ ሞላ። ድኖ ሲወጣ ደስ አለኝ። ትንሽም ቅር አለኝ፤ ይቅር ይበለኝ።

የገረመኝ መኩሪያ ነው። ገበያ የሚባል ነገር አይወድም። ዕድሜውን ሙሉ አብረኸኝ ሂድ ስለው ጎማ ተበሳ ይል ነበር። አሁን ግን እንሂድ ሳልለው ኮፍያውን አድርጎ በረንዳ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ሰው ሲያረጅ ጠባዩ ይለዝባል አልኩ። ደካማ አእምሮዬ ከዚህ ያለፈ አላሰበም።

ሃምሳው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ስንመለስ ገና እኩለ ቀን ነው፤ ሰልፍ የለም፣ ሰው የለም። ታክሲዎቹ ባዶአቸውን እየመጡ ይጣራሉ። አንዱ መጣና ቆመልን። ወደ በሩ ስሄድ መኩሪያ እጅጌዬን ያዘ።

«ይሄ ይለፈን» አለ።

ጉልበቱ ስለሚያመው ከፍ ያለ ደረጃ ያለው አልመቸው ይሆናል ብዬ ቆምኩ። ሌላ መጣ። ይሄም ይለፈን አለ። በር ላይ የቆመው ሰውዬ፣ ፋዘር ባዶ ነው እኮ፣ ደስ እንዳላችሁ ተንፈላሳችሁ ትሄዳላችሁ እያለ ለመነው። መኩሪያ እናንተ ሂዱ ብሎ አሰናበታቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነጠላዬን በራሴ ላይ ደረብኩ። ከዚያ አንድ ሚኒባስ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የሠርግ አጃቢ የጫነ እስኪመስል ሞልቶ፣ በመስኮቱ ዘንቢል ወጥቶ፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ መጣ። መኩሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክርኔን ያዘና «ይሄ ጥሩ ነው» አለኝ።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ታክሲው ጠብቆን ጠብቆን ሄደ።

ስሙን ጠራሁት። አቤት አለ፤ ስለ ጨው የምጠይቀው መስሎታል።

«ለምንድነው የሞላውን የምትመርጠው?» አልኩት።

የጥበብ ቀሚስ የተሰቀለባቸውን ሱቆች ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ጫማውን አየ። «ባዶው ላይ ራቅ ብለሽ ነው የምትቀመጪው» አለኝ።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ከጎናችን የሸማኔ ክር የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ዱካዋን ሳታስፈቅድ ገፋ አደረገችልኝና ተቀመጥኩበት። መኩሪያ ከላዬ ቆሞ ፀሐዩን ከለለልኝ። ትጠይቀው ያሉኝን መምሬን አሰብኩ። የቀረን ያንሳል። እና በሕይወቴ ለመኩሪያ ከተናገርኩት ሁሉ የከበደኝን ተናገርኩ።

«አልጋው ይለይ ብዬ እኔ አልጠየቅኩም።»

«ልጅቷን መረቅሻት እኮ» አለ።

«አንተስ አሮጌውን አልጋ ተሸክመህ አላወጣህም?»

«አንቺ ከመረቅሽ ምን ልሁን?» ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «ለእግዚአብሔር የሰጠሽው መሰለኝ። ከእሱ ጋር እንዴት ልሟገት?»

ክር ሻጯ ክሯን ማጠንጠኑን ትታ ነበር። ግድ አልሰጠኝም። እጁን ያዝኩ፤ በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ። እሱም አላስለቀቀኝም።

«ይገጥማሉ» አለ ቆይቶ።

«ምኑ?»

«አልጋዎቹ። ቁመታቸው እኩል ነው። ኮመዲኖው ከወጣ ይገጥማሉ። ለክቻቸዋለሁ።»

«መቼ ለካሃቸው?»

«የመጡ ቀን።»

ያን ሁሉ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ ያን ሁሉ ጨው አሰብኩ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ሳቅ ቀደመኝ። እሱም ድምፅ ሳያሰማ ትከሻውን እያነቃነቀ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ እንደዚያ ነው።

ትዕግሥትስ ስትመጣ ምን እንላታለን አልኩት። ይህን ያሰበበት አይመስልም ነበር፤ ግን አስቦበት ኖሯል። «ቤቷ ስንሄድ ስለ አልጋዋ ጠይቀናት እናውቃለን?» አለኝ። ሥዕሏንስ አልኩት። ለእመቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ይገባታል፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር እመታላታለሁ አለ። ለዝምተኛ ሰው ብዙ የተናገረበት ቀን ነው።

ታክሲ መጣ። ባዶ ነበር። እጄን ዘርግቼ እኔ አስቆምኩት። ከኋላ ወንበር ገባን፤ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ከጎኑ። ወንበሩ አራት ሰው ይይዛል። እኛ የአንድ ሰው ተኩል ቦታ ይዘን ተቀመጥን። በር ላይ የቆመው ሰውዬ ሒሳብ ሊሰበስብ ዞር ሲል አየን። ማዘር ምነው ተጨናነቃችሁ፣ ሁሉም ክፍት ነው፣ ዘና በሉ እንጂ አለኝ። መኩሪያ በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ባለቤቴ ናት» አለው፣ ሾፌሩ በመስታወት እስኪያየን ድረስ።

ሰውየው ሌላ አልጠየቀም። መኩሪያ ክንዱን ከኋላዬ ዘረጋ፤ አሁን ቦታ ጠቦት አይደለም። ግንባሬን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። አሁንም ናፈቀኝ፤ አጠገቤ ሆኖ። ለካ ናፍቆት ሰው ሲገኝ ወዲያው አይሄድም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚወጣው። በመስኮቱ የእንጦጦን ዛፎች፣ ከዚያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ የአዲሱ ገበያን ግርግር አየሁ። እሱ ይሠራበት የነበረውን ጥግ አለፍነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

የእኛ ሰፈር መግቢያ ደረሰ። ወራጅ አለ ማለት ነበረብን። እኔ አይቼዋለሁ። እሱም ማየቱን ክንዱ ጠበቅ ሲል አውቄአለሁ። ማንኛችንም ምንም አላልንም፤ ታክሲው እኛን ይዞ ወደ ጳውሎስ ሄደ።